ከመርከበኞቹ ጋር ወደ ጀልዴሳ

ድሬዳዋ ገና ከተማ ሳትሆን ጀልዴሳ ነበረች። ይህን የምለው የድሬ ልጆችን ላስቀይም ብዬ አይደለም፤ የነገሩ ቅደም ተከተል እንደዚያ ስለሆነ ነው። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ቡናውን፣ ቆዳውን፣ የዝሆን ጥርሱንና ዝባዱን ጭኖ ከሐረር ወደ ባሕር የሚወርድ ነጋዴ ዳገቱን ጨርሶ ከሜዳው ጋር የሚገናኘው ጀልዴሳ ላይ ነበር። ከዘይላ ወደብ ጨርቅና ጠመንጃ ጭኖ የሚመጣውም የበረሃውን መንገድ ጨርሶ እፎይ የሚለው እዚሁ ነው። የኢሳ ግመለኞች ጭነታቸውን እዚህ ያራግፋሉ፤ ከዚህ በላይ ዳገት ነውና ዕቃው በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ሐረር ይወጣል። ቀረጥም እዚሁ ይከፈል ነበር። ግብፆች ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ይዘው ሲቆዩ ይህችን መንደር አልረሷትም፤ የመንገዱ ቁልፍ ናትና ወታደር አስቀምጠውባታል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ፖስታ ሲጀመርም ከእንጦጦና ከሐረር ጋር የራሳቸው የፖስታ ማኅተም ከነበራቸው ጥቂት ጣቢያዎች አንዷ ጀልዴሳ ነበረች። ያ ማኅተም ያረፈበትን ፖስታ ዛሬ ቴምብር ሰብሳቢዎች እንደ ወርቅ ይፈልጉታል።

ስሟ በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት ነው።

ሐረር ውስጥ በራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በሚያዝያ 1883 ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከሐረር ወደ ዘይላ ሲያወርዱት በጀልዴሳ አልፏል። በዚያ ጉዞ የያዘው አጭር ማስታወሻ አለ፤ ያደረበትን ቦታና የወረደበትን ዝናብ ይቆጥራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሕመምተኛ ከአልጋ ወደ አልጋ ሳዛውር የኖርኩ ነርስ ነኝና ስለ ግጥሙ ሳይሆን ስለዚያ ጉልበት ነው የማስበው። እያንዳንዱ የተሸካሚ እርምጃ ለታማሚው አንድ ምጥ ነው። ማርሴይ ደርሶ እግሩ ተቆረጠ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ሞተ።

ታኅሣሥ 1895 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር፤ ተራራው ወጪውን ስላከበደው ከሥር ቀረና በቀረበት ቦታ አዲስ ከተማ በቀለ። ሐዲዱ ጀልዴሳን አልነካም። ነጋዴው ወደ ባቡሩ ዞረ፣ ቀረጥ ተቀባዩም ተከተለው፣ ግመሎቹ ግን እዚያው ቀሩ።

አንዲት ጡረተኛ ነርስን ጀልዴሳ ምን ወሰዳት ትሉ ይሆናል። መርከበኞች ናቸው የወሰዱኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረቦች የነበሩ ጥቂት ሽማግሌዎች አሉ። በወር አንድ እሑድ ከዚራ ከአንዱ ግቢ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ሻይ ይጠጣሉ። ማኅበር ልበለው እንጂ ማኅተምም ጽሕፈት ቤትም የለውም፤ ያለው አንድ የመዋጮ ደብተርና አንድ ትልቅ ቴርሞስ ነው። ሲታመሙ ይጠያየቃሉ፣ ሲሞት ይቀብራሉ፣ የሟች ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ደብተር ይገዛሉ። እኔን ያስገባኝ የደም ግፊት መለኪያዬ ነው። አንዱ ጎረቤቴ ናቸውና "ሲስተር፣ እሑድ ብቅ በይና ለካን" አሉኝ፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከግፊታቸው ይልቅ ወሬያቸው ነው ያስለመደኝ። በስም አይጠራሩም፤ በሥራ ነው የሚጠራሩት። አንዱ ሞተሩ ናቸው፣ አንዱ ሶናሩ፣ አንዱ ሬዲዮው፣ መርከብ ላይ ወጥ የሚሠሩት ደግሞ ጋሊው። አለቃቸውን ብቻ ኮማንደር ይሏቸዋል።

ቀደም ሲል በዓመት አንዴ ገንዘብ አዋጥተው ጅቡቲ ይወርዱ ነበር። ለንግድ አይደለም፣ ባሕሩን ለማየት ነው። ዳሩ ላይ ይቆማሉ፣ እጃቸውን ይነክራሉ፣ ዓሣ በልተው ይመለሳሉ። አሁን ጉልበቱም፣ ፓስፖርቱም፣ ገንዘቡም አልገናኝ ብሏል። ዘንድሮ ኮማንደሩ "እስከ ባሕሩ መሄድ ካቃተን የባሕሩን መንገድ እንይ" አሉና ሚኒባስ ተከራየን። ሰባት ሽማግሌዎች፣ እኔ፣ ሾፌሩና የሶናሩ የልጅ ልጅ። ልጁ ዐሥር ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አያቱ ላይ ተጥሎ ነው የመጣው።

ማለዳ ነው የወጣነው፤ ያን ቆላ ፀሐይዋ ከጠናች በኋላ በሽማግሌ መሄድ አይቻልም። ከተማዋ ከኋላ ስትቀር አረንጓዴው በአንዴ ያልቅና ግራር፣ ቁልቋል፣ አሸዋና ድንጋይ ይተካል። በስተቀኝ የሐረር ተራሮች ናቸው፤ በስተግራ ሜዳው ዓይን እስከሚደርስ ይዘረጋል። ፍየሎች መንገዱን የራሳቸው አድርገውታል። ሞተሩ የመኪናውን ድምፅ እየሰሙ "የሦስተኛዋ ኖዝል አልጣመችኝም" ይላሉ፤ ሾፌሩ ይስቃል።

ልጁ ሲቁነጠነጥ ቆይቶ ጠየቀ። "አባባ፣ እኛ ሰርጓጅ መርከብ ነበረን?"

አያቱ በመስኮት እያዩ ነበር። አልመለሱለትም። ልጁ ደገመው፤ አሁንም የለም። ከዚያ አንገቱን ደፋ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ይህን አየሁ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመለሱት ኮማንደሩ ናቸው። "አልነበረንም፤ አንድም ቀን አልነበረንም። ነገር ግን ሰርጓጅ የሚያድኑ መርከቦች ነበሩን፣ እነሱ ላይ ደግሞ ያንተ አያት ነበሩ" አሉት።

ወጣቶች ላያውቁት ይችላሉና ነገሩን ባጭሩ ላንሣው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በንጉሡ ዘመን፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ምጽዋ ላይ ተቋቋመ። መኮንኖቹ የሚማሩት አሥመራ በነበረው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች መካከል ኖርዌያውያን ነበሩበት። በ1954 ከአሜሪካ የመጣችው ትልቋ መርከብ "ኢትዮጵያ" ተባለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የባሕር አውሮፕላኖችን ታገለግል የነበረች ናት። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት በ1975 እና በ1976 ሁለት ፔትያ የሚባሉ የጦር መርከቦች መጡ። የእነሱ ዋና ሥራ ከውሃ በታች ያለውን መፈለግ ነው፤ ሶናራቸው ያዳምጣል፣ ሮኬትና የጥልቅ ውሃ ቦምባቸው ይመታል። ሶቪየቶቹ ራሳቸው በዳህላክ ደሴቶች በኖክራ ጣቢያ ነበራቸው፤ ሰርጓጆቻቸውም እዚያ ብቅ ይሉ ነበር። ስለዚህ የእኛ ልጆች ሰርጓጅ ውስጥ ገብተው ባያገለግሉም ድምፁን ከሌላው ለይተው ያውቁት ነበር።

ኮማንደሩ ግን በዚህ አላበቁም። "የእኛ ስም ያለባቸው ሰርጓጆች ግን ነበሩ" ብለው ልጁን እንደገና አነቁት።

እኔም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን 17 ሰርጓጅ መርከቦች ሠርታ አብዛኞቹን በእኛ አገርና በሶማሌ ምድር ቦታዎች ስም ጠራቻቸው። የመጀመሪያዋ አድዋ ናት። ከዚያ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ አላጌ፣ ተምቤን፣ ሽሬ፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ ዋቢ ሸበሌ። ደገሃቡር ሲባል ሾፌራችን መሪውን በመዳፉ መታና "የእኛ አገር ባሕር ገብታለች እንዴ!" አለ። ከአሥራ ሰባቱ ከጦርነቱ የተረፈችው አላጌ ብቻ ናት።

ልጁ የመቀሌዋን ታሪክ ነው የያዘው፤ እኔም። መቀሌ የተባለችው ሰርጓጅ ኢጣሊያ ጦርነት ባወጀችበት ቀን፣ ሰኔ 3 ቀን 1932፣ ከምጽዋ ወጣች። ውስጧን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ሜቲል ክሎራይድ በሚባል ጋዝ ይሠራ ነበር። ጋዙ ሾለከ። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታውም ለስላሳ ጣፋጭ ነገር ነው፤ ሰው እየተመረዘ መሆኑን አያውቅም። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ቀጥሎ እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ ቀጥሎ የማይያያዝ ነገር መናገር። በቀይ ባሕር ሰኔ፣ በተዘጋ ብረት ውስጥ፣ ሁሉም አንድ አየር ይተነፍሳል፤ ካርታ የሚያነበውም መሪ የያዘውም። አቅጣጫ ስተው ሰኔ 8 ቀን ከሱዳን ጠረፍ ፊት ለፊት ካለች ትንሽ ደሴት ቋጥኝ ላይ ወጡ። መርከቧ ተንሸራታ ሰጠመች፤ ሰዎቹ ግን ደሴቷ ላይ ወረዱ። ሦስቱ በትንሽ ጀልባ ወደ ኤርትራ ጠረፍ ቀዝፈው እርዳታ ጠሩ፤ ሌላ ሰርጓጅ መጥታ አወጣቻቸው። አንድ ወጣት መርከበኛ ግን ሞቶ ነበር፤ እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀበሩት።

"እናቱስ?" አለ ልጁ።

ኮማንደሩ ዝም አሉ። ቆይተው "አጥንቱ አገሩ የገባው አሁን በቅርቡ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ 2018። ሰባ ስምንት ዓመት ቆይቶ" አሉ። በመኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም። በጠላትነት የመጣ ሠራዊት አባል ነው፤ ታሪኩን አንረሳም። ግን እነዚህ ሽማግሌዎች ባሕር ላይ የቀረ ጓደኛ ያላቸው ናቸው፣ ያውም በስም የሚያውቁት።

ጀልዴሳ ደረስን። ትልቅ ነገር የሚጠብቅ ሰው አይሂድ። ሰፊ የአሸዋ ወንዝ ነው፤ ዝናብ ተራራው ላይ ሲጥል ይሞላል፣ በሌላ ጊዜ መንገድ ነው። ዳርና ዳሩ ግራር፣ ቤቶች፣ የፍየል በረት፣ ጥላ ያለው ሻይ ቤት። ሶማልኛም ኦሮምኛም በአንድ አፍ ይነገራል፤ ሰው በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል። ወተት የበዛበት፣ ቅመም ያለው ሻይ ቀረበልን። ስኳሩ ብዙ ነውና ስኳር በሽታ ያለባቸውን ሁለቱን በዓይኔ ተቆጣኋቸው፤ ኮማንደሩ እያዩኝ ጠጡት።

የሻይ ቤቱ ሽማግሌ መጥተው ተቀመጡ። አዴር እንላቸው፤ እኛም እንዲሁ ነው የጠራናቸው። እነማን ናችሁ ቢሉ ሾፌሩ በሶማልኛ "የባሕር ወታደሮች ናቸው" አላቸው። ሁላችንንም ተራ በተራ አዩ፤ በትሩን፣ መነጽሩን፣ የእኔን የሐኪም ቦርሳ። ከዚያ እየሳቁ "ባሕሩ የታለ?" አሉ።

"እሱን እኮ ነው የምንጠይቅዎ" አሉ ኮማንደሩ።

አዴር በበትራቸው ወደ አሸዋው ወንዝ፣ ከዚያ አልፎ ወደ ሜዳው አመለከቱ። አባታቸውም አያታቸውም ግመለኞች ነበሩ። አያታቸው ከዘይላ ሲመለሱ ልብሳቸው ላይ የደረቀ ጨው እንደነበር፣ እናትየው ልብሱን ሳታጥብ ፍየል ታስልሰው እንደነበር ነገሩን። ባቡሩ ድሬዳዋ ከገባ በኋላ ሥራው እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። "ባሕሩ አልሄደም፤ መንገዱ ነው የሄደው" አሉ በሾፌሩ አስተርጓሚነት። ሬዲዮው ይህንን በደብተራቸው ጻፉት።

ከሻይ በኋላ ወደ አሸዋው ወረድን፤ ግመሎቹ ያርፉበት የነበረው እዚያ ነው። ጫማቸውን ያወለቁም አሉ። የዓመቱን ሟቾች ስም የሚያነቡት በጅቡቲ ጉዞ ላይ፣ ከባሕሩ ፊት ቆመው ነበር፤ ዘንድሮ እዚህ አነበቡት። ሦስት ስም ነው። ኮማንደሩ በአሜሪካ ያሉ የሰርጓጅ መርከብ አባላት ማኅበር እንዴት እንደሚያደርግ ነገሩኝ፤ በሁለተኛው ጦርነት የጠፉ 52 ሰርጓጆች ስም አንድ በአንድ ይጠራል፣ ለእያንዳንዱ ደወል ይመታል። ሞቱ አይሉም፣ አሁንም በቅኝት ላይ ናቸው ይላሉ አሉ። የእኛዎቹ ደወል የላቸውም። ሙስሊሙ ፋቲሐ ቀራ፣ ክርስቲያኑ አባታችን ሆይ ደገመ፤ ጋሊው ቴርሞሳቸውን እንዳቀፉ ቆመው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሞተሩ ልናገር። ስም ሲነበብ ከቡድኑ ተለይተው ግራር ሥር ቆሙ። የካቲት 1982 ምጽዋ ላይ ነበሩ። ከዚያ በላይ አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ባለቤታቸውም አልሰሙም። የሦስት ቀን ውጊያ ነበር፣ ከተማይቱ ያለቀችበት፤ ከሁለቱም ወገን የወደቀው የእናት ልጅ ነው። ሌሊት እንደሚነሡ፣ በር መዘጋቱን ደጋግመው እንደሚያዩ ባለቤታቸው ነግረውኛል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ብዙ አይቻለሁ፤ ለራስ ምታት ይመጣል፣ ለእንቅልፍ መድኃኒት ይጠይቃል። ልጆቹ ደግሞ "አባታችን አይናገርም፣ ኩሩ ነው" ይላሉ፤ ወይም በበዓል ቀን እንግዳ ፊት "እስቲ ስለ ጦርነቱ ንገረን" ይሉታል። ይህን አታድርጉ። ስንት ሰው ሞተ ብላችሁ አትጠይቁ። ምን ትበሉ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። የት ትተኙ ነበር፣ ደመወዛችሁን ምን ታደርጉበት ነበር፣ መርከቡ ሲናወጥ ወጡ አይደፋም ወይ በሉ። ሰው በሥራው በኩል ይገባል። ስለ ሌላው ነገር መናገር ከፈለገ እሱ ራሱ ቀኑን ይመርጣል፤ ካልፈለገም መብቱ ነው። እንቅልፍ አጥቶ ሰውነቱ ከጎዳ፣ ወይም መኖር ሰለቸኝ ካለ ግን ዝም አትበሉ፤ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበት ሆስፒታል ውሰዱት።

ወደ ጥላው ተመልሰን ጋሊው ያመጡት ምሳ ተከፈተ፤ ሩዝ በሥጋ ነበር። ጨዋታው ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ዞረ። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ ብዙዎቹ መርከቦች ባሕሩን ተሻግረው የመን ገቡ። ሁለት ዓመት እዚያ ቆሙ። በ1985 የመን ውጡ አለች፤ "ኢትዮጵያ" የተባለችው ትልቋ መርከብ ከዚያ አልወጣችም፣ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። መንቀሳቀስ የቻሉት ጅቡቲ ገቡ። የወደብ ዕዳ ተጠራቅሞ በ1989 መጀመሪያ ጅቡቲ የቀሩትን ይዛ ጨረታ አወጣችባቸው፤ ከፊሎቹን የገዛችው ኤርትራ ናት። ባሕር ኃይሉም በዚያው አበቃ። ሬዲዮው እስከ መጨረሻው ጅቡቲ ከነበሩት ናቸው። "ዝገት ስንፍቅ፣ ቀለም ስንቀባ፣ ዝገት ስንፍቅ" አሉ፤ "የትም ላይሄድ ለሚጸዳ መርከብ።" ከዚያ በባቡር ድሬዳዋ ወርደው፣ ወደ ወሎ ወደ ወላጆቻቸው መሄጃ ገንዘብ ስላልነበራቸው እዚሁ ቀሩ። ለገሀሬ አካባቢ ሬዲዮ ጠግነው ልጅ አሳደጉ። ከመካከላቸው ጡረታ ያገኘ አለ፣ ያላገኘ አለ።

አሁን ባሕር ኃይሉ እንደገና ተቋቁሟል፤ መጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ወጣቶችም እየሠለጠኑ ነው። የባሕር በር ጉዳይ በየዜናው ነው። ሽማግሌዎቹ በዚህ ላይ ሁለት ናቸው፤ ግማሹ ደስ ይለዋል፣ ግማሹ "ደግሞ የማን ልጅ ሊሄድ ነው?" ይላል። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። የተስማሙበት አንድ ነገር፣ የእኛን የምታውቁትን ንገሩን ብሎ የጠየቃቸው ወጣት እንደሌለ ነው።

አሁን ልመለስበት ወዳልኩት ልምጣ። ልጁ በመኪናው ሲጠይቅ አያቱ ያልመለሱለት ንቀው አይደለም፤ አልሰሙትም። ፔትያ መርከብ በዲዝልና በጋዝ ተርባይን የምትሄድ ናት፤ የተርባይኑ ጩኸት ብረቱን አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ባለ ቦታ ዓመታት የሠራ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ቀጭን ድምፅ ማለት የሕፃን ድምፅ ነው፣ የሴት ድምፅ ነው፣ "ስ" እና "ፍ" ናቸው። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ግን ይሰማል። ስለዚህ እኚህ አያት ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ይውላሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ግን አይሰሙም። ቤተሰቡ ደግሞ "ሲፈልግ ይሰማል" ይላል። ይህን አባባል በስንት ቤት ሰምቻለሁ! ሕፃኑም አያቴ አይወደኝም ብሎ ይደመድማል፤ አንገቱን ሲደፋ ያየሁት ይህን ነው።

ከምሳ በኋላ ልጁን አስነሥቼ ከአያቱ በስተቀኝ፣ ፊት ለፊታቸው በሚያዩት ቦታ አስቀመጥኩት። ሳትጮህ፣ ድምፅህን ወፈር አድርገህ፣ አፍህን እያዩህ ቀስ ብለህ ተናገር አልኩት። ልጁ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና "አባባ፣ ሰርጓጅ እንዴት ይሰማል?" አለ።

ሶናሩ ዞረው አዩት። የሚገርም ነገር ከዚያ በኋላ ነው የሆነው፤ ሦስት ዓመት በወር በወር ግፊታቸውን ስለካ ከ"ደኅና ነኝ" ያለፈ ቃል ያልሰማሁባቸው ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ተናገሩ።

ሶናር ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ነገር ሲነካ ይመለሳል፤ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ርቀቱን ይነግርሃል አሉት። ወደ ተራራው እንደምትጮህና እንደሚመልስልህ ያለ ነው። ከባድ የሚሆነው ግን ዝም ብሎ ማዳመጡ ነው። ቀይ ባሕር ላይኛው ውሃ ሞቃት ነው፣ ታችኛው ይቀዘቅዛል፤ ድምፅ ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ሲገባ ይታጠፋል፣ ሰርጓጅም በዚያ እጥፋት ሥር ይደበቃል። ምጽዋ አካባቢ ዛጎልና ቋጥኝ ባለበት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሽሪምፕ የምትባል ጣት የምታህል ፍጥረት ጥፍሯን ስታጨበጭብ ትጮሃለች፤ እልፍ ሆነው ሲያጨበጭቡ ጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ?

ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

"ቆሎ። እናትህ ምጣድ ላይ ሽምብራ ስትቆላ ሰምተሃል? ልክ እንደዚያ። ሌሊቱን ሙሉ ባሕሩ ቆሎ ይቆላል። ከዚያ ቆሎ ውስጥ የሞተር ድምፅ ለይ ይሉሃል።"

ሌሎቹም ዝም ብለው ነበር የሚሰሙት። ሞተሩ እንኳ ከግራሩ ሥር ተነሥተው መጥተው ነበር። ልጁ "አግኝተህ ታውቃለህ?" አላቸው። አንቱ ማለቱን ረሳ፤ አያቱም አላረሙትም። አንድ ሌሊት አግኝቻለሁ አሉ። ድምፁን ለአለቃቸው አስተላለፉ፣ ቆይቶ የወዳጅ ነው ተውት ተባለ። "የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲርቅ ሰማሁት። ሰው ያለበት ነገር ከሥርህ ሲያልፍ መስማት…" ብለው አልጨረሱትም። አዴር በሾፌሩ በኩል እየተተረጎመላቸው ነበርና እሳቸውም ጨመሩ፤ በሌሊት የሚመጣ የግመል ቅፍለት ከማየትህ በፊት ጆሮህን መሬት ላይ አድርገህ ትሰማዋለህ ይል ነበር አባቴ አሉ።

ሙቀቱ ሲበረታ ኮማንደሩን ለካኋቸው፤ ከፍ ብሎ ነበር። መድኃኒታቸውን ቤት ረስተው ነው የመጡት። ስለዚህ ከታሰበው ቀድመን ተነሣን። አዴር የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አሉ፤ ሬዲዮው በግድ ከስኳር ጣሳው ሥር ደብቀው ወጡ። በመንገድ ላይ ልጁ አያቱ ደረት ላይ ተኛ።

በሳምንቱ ሶናሩን ድሮ አብራኝ የሠራች ነርስ ወዳለችበት ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሽማግሌ አልሰማ ሲል መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፤ ብዙ ጊዜ የደነደነ ኩክ ነው የሚደፍነው። እቤት በክብሪት እንጨት ወይም በዘይት አትነካኩ፤ ባለሙያ በደቂቃ ያወጣዋል። የሶናሩ ቀኝ ጆሮ ኩክ ነበረበት፤ ወጣ፣ ከፊል መስማትም ተመለሰላቸው። ግራው ንጹሕ ነው፤ እሱ የተርባይኑ ነው፣ አይመለስም። የመስሚያ መሣሪያ እንዲሞክሩ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ተጽፎላቸዋል፤ ወረፋውን እየጠበቁ ነው።

ባለፈው እሑድ ልጁ ከዚራ መጥቶ ነበር። ደብተር ይዟል፤ ሬዲዮው የሚያውቁትን የሞርስ ፊደል እያስጻፉት ነው። አያቱ አጠገብ ወንበር ሲጎትት ማንም ሳይነግረው ወደ ቀኝ ዞሮ ተቀመጠ።